ነቀዝ የገባበት አልጋ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ደጀ ሰላም ይጠናል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር ሲነታረክ ይውላል። እንዳላማው ሁለቱንም ሞክሮ አልሆነለትም። ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ጧት ተነሥቶ የሚሄድበት ሲያጣ ጓሮውን እየዞረ ለዶሮዎቹ ስም ማውጣት ጀመረ። ይኼኔ ሚስቱ ደብሪቱ ደነገጠች። ማድ ቤት ጥግ የተጣለች፣ አንድ እግሯ የወለቀ ወንበር ነበረች። «እንካ፣ ይችን እንኳ ፍለጥልኝ» ብላ ከነመጥረቢያው ሰጠችው።

እሱ ግን አልፈለጣትም። አገላበጣት፤ ጥላሸቷን በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርገው ከሥሩ ቀይ እንጨት ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! የተሰበረ ጠርሙስ ፈልጎ ይፍቃት ገባ፤ ጣቱን ቆረጠ። ከሰፈሩ አናጢ መዶሻ ተውሶ ሚስማሩን ሁሉ አጣመመ። ኮላ ገዝቶ ግማሹን ሱሪው ላይ ደፋው። በሳምንቱ ወንበሯ በአራት እግሯ ቆመች፤ ቫርኒሽ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ስታብለጨልጭ ደብሪቱ ሳትወድ በግዷ ሳቀች። መጀመሪያ የተቀመጡባት የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ሰንበት ነበሩ። የመጡበትን ጉዳይ ሳይጀምሩ ወንበሯ ከነእሳቸው ተንኮታኮተች። ቄሱ ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሡና «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፤ ወንበርህ ግን ገና አልጸናም» አሉት።

ሰፈሩ ለወር ያህል በዚህ ሲስቅ ከረመ። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አለ መምህር» እያሉ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። ተረቱን የሚተርቱት ለጨዋታ ነው፤ ክፉ ያሰበ አልነበረም።

እንዳላማው የሰው ሳቅ የሚፈታው ዓይነት አይደለም። አናጢው ደጃፍ እየተቀመጠ ሲያይ ውሎ ማታ ቤቱ ይሞክራል። ለወለቀ እግር ሚስማር ሳይሆን ኮላና ሽብልቅ እንደሚሻል፣ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራው ቀድሞ ልስልሱ ኋላ እንደሆነ፣ በዝናብ ቀን የተቀባ ቫርኒሽ እንደ እከክ እንደሚላቀቅ ተማረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ ወርዶ ሰው የጣለውን ባለ ሦስት እግር ዱካ፣ መሳቢያው የጠፋ ጠረጴዛ፣ በሩ የተገነጠለ ቁም ሣጥን ይገዛል። አንዴ እንዲያውም ደጀን ድረስ ሄዶ ከጭነት መኪና ላይ አሮጌ የእንግዳ ወንበር አውርዶ መጥቷል። ጠግኖ፣ ወልውሎ፣ መልሶ ይሸጣል። ትርፉ እንኳ ለቫርኒሹም አይበቃ፤ እሱን ደስ የሚለው ሌላ ነው። ከሰው ፊት የወደቀ ዕቃ መልሶ ሰው ቤት ሲገባ ማየት ይጥመዋል። ከክፍል ከወጣ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም ነበር፤ እኔም በዚህ አልፈርድበትም።

አልጋውን ያገኘው ሚሌኒየሙ ባለፈ በዓመቱ፣ በግንቦት ነው። ይጁቤ አንድ ባላገር ሞቶ ልጆቹ ውርስ ሲከፋፈሉ አልጋው ለማንም አልደርስ ብሎ ገበያ ወጣ። ከዋንዛ የተሠራ፣ እግሮቹ የሰው ጭን የሚያካክሉ፣ በራስጌው መስቀል የተቀረጸበት ትልቅ አልጋ። ጠፍሩ ተበጣጥሶ፣ ላዩ በጭስ ጠቁሮ ለማየት ያስጠላል። እንዳላማው ግን በአውራ ጣቱ አንኳኳውና ልቡ ዘለለ። በአይሱዙ ጭኖ አምጥቶ ጓሮ ዳሱ ሥር አቆመው።

ያን ሰሞን ልጃቸው ትሕትና ከሮብ ገበያ መጣች። ትሕትና አንድ ናት፤ ከእሷ በፊትም በኋላም ደብሪቱ አልወለደችም። ባሏ አምደሚካኤል ሮብ ገበያ በደብሩ የአብነት ልጆች የሚያስተምር ዲያቆን ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ሆዷ ሲገፋ ባሏ ራሱ አምጥቷት ተመለሰ። ትሕትና አባቷን በእንጨት ብናኝ ነጥቶ ስታየው ሳቋ መጣ። «አባዬ፣ ወፍጮ ቤት ገባህ እንዴ?» አለችው። አልጋውን ዳሰሰችና ዓይኗ ራስጌው ላይ ቀረ።

«ይኸን የሚገዛ ሰው ታደለ።»

«አይሸጥም» አለ እንዳላማው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሊሸጠው ነበር፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ቃሉን ወደደው። «የክርስትናው ዕለት ከነልጅሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

ሰኔ ሲያልቅ ወንድ ልጅ ወለደች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ደብሪቱ ሥልጣኗን ያዘች፤ በአራስ ቤት ከእናት በላይ ንጉሥ የለም። ትንሿን ጓዳ ለአራሷ አስተካከለች፤ መስኮቷን ዘጋች፤ በሩ ላይ መጋረጃ ጣለች፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በየጥጉ አኖረች። ምች የሚባለው ነገር ሽታና ፀሐይ ተከትሎ ነው የሚመጣ። አራስ ደጅ ስትወጣ ብረት ትይዛለች፤ ብቻዋን አትቆምም፤ በቀትር ፀሐይ አትመታም። እንዳላማው ተማርኩ ባይ ነውና በዚህ ሁሉ ጥቂት ይስቃል፤ የልጅ ልጁን ለማየት ሲገባ ግን እሱም መጋረጃውን ቶሎ መለስ ያደርጋል።

አልጋው እየጸዳ ሲሄድ እንጨቱ ወይን ጠጅ መሰለ። ጠፍሩን በጣውላ ተካው፤ መስቀሉን በጥርስ መፋቂያ ሳይቀር ፈልቅቆ ጠረገው። ግን አንድ ነገር አስቸገረው። ጧት ጧት ሲመጣ ከአልጋው ሥር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ተንጠባጥቦ ያገኛል፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እግሩ በመርፌ እንደተወጋ ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል። ነቀዝ ገብቶበታል። ሌላ ዕቃ ቢሆን ስቱኮ ሞልቶ ይቀባውና ይሸጠው ነበር፤ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ይህ ግን ልጁ የልጅ ልጁን አቅፋ የምትተኛበት ነው። በዚያ ልጅ ፊት ላይ የትል ብናኝ ሊረግፍ? አናጢው በሰጠው ምክር ነጭ ጋዝ በየቀዳዳው አፈሰሰ። ወዲያው ደብሪቱ ከጓዳ እየጮኸች ወጣች።

«ሰውዬ፣ አበድክ? ከአራስ ጎን ጋዝ ይፈሳል? ሽታው ልጄን ሊጥልብኝ ነው!»

ደነገጠ፤ አልጋውን በውኃና በሳሙና አጠበ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው ሽታ የሌለው ነገር ነው።

የእህል ነጋዴው አበረ ሱቁ ከቤታቸው ብዙም አይርቅም። ለበቆሎና ለስንዴ የሚሆን የነቀዝ ክኒን በጓሮ በር በኩል እንደሚሸጥ ሰፈሩ ያውቃል። እንዳላማው ሄዶ ችግሩን አጫወተው። አበረም ሥራ በዝቶበት ቀና ሳይል «የእህሉን የሚገድል የእንጨቱን ይምረዋል እንዴ ጋሼ?» ብሎ ጥቂት ፍሬ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠው። የት እንደሚያደርገው አልጠየቀውም፤ እሱም አልነገረው።

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ዳሱን አልፎ ስለሚገባ አልጋውን ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባ። ዕቃ ቤቱ ከአራሷ ጓዳ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛል። ክኒኑን በየእግሩ ሥር አኖረ፤ አልጋውን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ሸፈነ፤ በገመድ ጠፍንጎ አሰረ፤ በሩን ዘጋ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ሽታ የሚባል አልሸተተውም። ማታውን እራቱን በልቶ ሳሎን ውስጥ እንደ ልማዱ ተኛ፤ ደስ ብሎት ነው የተኛው።

ጧት ደብሪቱ ፊቷ ጠቁሮ ከጓዳ ወጣች። ትሕትና ራሷን ይዛ ስታስታውክ አድራለች፤ ደብሪቱም ራሷን እየፈለጣት ነው፤ ልጁ ጡት አልይዝ ብሏል። «ምች ነው» አለችው በሩ ላይ ለቆመው ባሏ። «ትናንት ቀትር ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ይች ልጅ ደጅ ወጥታ የልጁን ጨርቅ ስታሰጣ ይዣታለሁ። ብረት የለ፣ ምን የለ! ብቻዋን!»

«ሽታ አለ እማዬ» አለች ትሕትና ከውስጥ፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸተኛል። መስኮቱን ክፈችልኝ።»

«እኔ ነኝ ያኖርኩት ሽንኩርቱን፤ ለአንቺው ነው። መስኮት ተከፍቶ ንፋስ ይጨመርልሽ?»

ደብሪቱ አሮጌ ጨርቅ አምጥታ የመስኮቱን ስንጥቅ ጠቀጠቀችው። እንዳላማው ከጎረቤት ዳማከሴ ለቅሞ እንዲያመጣ ታዘዘ፤ በዝናብ እየሮጠ ሄደ። በእጁ ጨምቆ ለትሕትና አጠጣት፤ ግንባሯንም አሸላት። ቅጠሉን ሲጨምቅ የቆመው ከዕቃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበር። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

«ጤና ጣቢያ እንውሰደው» አለ።

«በዚህ ዝናብ? ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን? ደጅ ሳይደርስ ይሞትብሃል።»

ተወው። ሠላሳ ዓመት የነፋስን ጠባይ ያስተማረ፣ የተዘጋ ቤት አየር ወዴት እንደሚሄድ በጠመኔ ሥሎ ያሳየ ሰው ለሚስቱ ቃል እሺ ብሎ ቁጭ አለ። በዚህ እኔ እናደዳለሁ። ቀኑ ሲያጋምስ የልጁ ከንፈር ሰማያዊ እየሆነ መጣ። ይኼኔ ደብሪቱ ራሷ «ቄሱን ጥራ! ያጥምቁት!» ብላ ጮኸች። እንዳላማው ሮጠ። ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውንና መጽሐፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው በጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ሲመጡ፣ የደብሪቱ ጩኸት ከአጥሩ ውጭ ተቀበላቸው።

ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት የለው፣ ድንኳን የለው። አንድ ጎረቤትና እንዳላማው ወሰዱት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበሩት። አካፋ ለመያዝ እንኳ ሁለት ሰው አያስፈልግም ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ትሕትና በአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጡቷ በቀሚሷ ላይ ይፈስሳል። «እኔ ነኝ አባዬ» አለችው። «ፀሐይዋ ደስ ብላኝ ነው የወጣሁት። ብረቱን ረሳሁት።»

የባሏ እናት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከልጃቸው ጋር ከሮብ ገበያ መጡ። ጨዋ ሴት ናቸው፤ አልሰደቡም፣ አልጮኹም። አልቅሰው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ብረት ይዛ ነበር?» ደብሪቱ መዋሸት አልቻለችበትም። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ተነሡ። አምደሚካኤል ከእናቱ ኋላ ሚስቱን ዞሮ ሳያያት ወጣ። ከዚያ በኋላ ከሮብ ገበያ የሚመጣው ወሬ አንድ ነበር፤ ልጁን በፀሐይ የገደለች ሴት ዳግመኛ ለልጃችን አትወልድም፤ በሽማግሌ ይፋቱ።

እንዳላማው ዕቃ ቤቱን የከፈተው ለቅሶው ጋብ ሲል ነው። ሐዘኑን በሥራ ሊረሳ አስቦ ገመዱን ፈታ። ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርገው የነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫውን መታው። ራሱን አዞረው፤ ደረቱ ታፈነ፤ ደጅ ወጥቶ ዶሮዎቹ መሐል አስታወከ። ትንሽ ሲሻለው ተመልሶ ገባ። በግድግዳው ሥር አይጦች ሞተዋል። ዝንቦች እንደ ተልባ ረግፈዋል። ቀና አለ። የጭቃው ግድግዳ ጣራው ድረስ አይሄድም፤ ሁለቱን ክፍል ከላይ የሚሸፍናቸው አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ነው። ይህን ቤት ራሱ ነው ያሠራው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

አበረ ጋ ሄደ። ከልቡ ውስጥ «አይገድልም» እንዲለው እየለመነ ነው የሄደው። አበረ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰው በሚተኛበት ቤት? የክኒኑ ትነት እኮ ሰው ይጨርሳል! ኧረ ጋሼ! ባላገሩ እንኳ ጎተራውን ደጅ ነው የሚያቆም!»

«አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅከኝማ!» አለና ወደ በሩ ተመለከተ። «እኔ ምንም አልሸጥኩልህም። ልጆች አሉኝ።»

ቤቱ ሲመለስ ለደብሪቱ ነገራት። አይጦቹን ሊያሳያት ቢገባ ቀድማ ጠርጋ ጥላቸዋለች። ደብሪቱ እየሰማችው እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «አይጥማ ሁልጊዜ ይሞታል» አለች። ካመነችው መስኮቱን በጨርቅ የጠቀጠቀችው እጅ የእሷ ሊሆን ነው፤ ያን እውነት ተሸክማ ጧት መነሣት አትችልም። «ሐዘኑ አእምሮህን ነክቶታል፤ ዝም በል» ብላው ወጣች።

ዝም ሊልም ይችል ነበር። ብዙ ሰው ዝም ይላል። ግን ትሕትና በየቀኑ ትመነምናለች፤ እህል ስትቀምስ ትሰቀጠጣለች፤ ሌሊት ተነሥታ «ፀሐይዋ» እያለች ታወራለች። ባሏን ትወደዋለች፤ ሊፈታት ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው እሱ መሆኑን እያወቀ ፊቷን ማየት አልቻለም። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን መጠበቅ ጀመረ፤ በሁሉም ፊት እናገራለሁ፣ ልጄም ነፃ ትወጣለች ብሎ ቆረጠ።

ፍልሰታ ተፈትቶ ሽማግሌዎቹ በእንዳላማው ሳሎን ተቀመጡ። መሐላቸው ቄስ ወልደ ሰንበት አሉ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳንና አምደሚካኤል በአንድ በኩል፣ ደብሪቱ በሌላ በኩል፤ ትሕትና ከበሩ ሥር መሬት ላይ። የተቀመጡባቸው ወንበሮች ሁሉ እንዳላማው የጠገናቸው ናቸው። ተነሥቶ ቆመ።

«ልጄ የሠራችው ጥፋት የለም። ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራቸው። አልጋውን፣ ነቀዙን፣ ክኒኑን፣ ግድግዳውን። ሽታው እንዴት እንዳለፈ፣ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሸፈነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንዳላማው የሚፈረድበት መስሎት ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አየህ አባትነት!» አሉ ሽማግሌው ወደ አምደሚካኤል ዞረው። «ልጁን ለማዳን በራሱ ላይ ደም ጠራ።»

«አልዋሸሁም!»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን። ተቀመጥ መምህር።»

«አበረን ጥሩት! እሱ ነው የሸጠልኝ!»

አበረ ተጠራ። ቆቡን በእጁ እያሻሸ ገባ። ለጋሼ ነቀዝ መድኃኒት ሸጠህ ወይ ቢባል፣ ጋሼ ምን እህል ኖሯቸው ነው የምሸጥላቸው አለ። ማል ሲሉት በማርያም ማለ። እንዳላማው ሊያንቀው ሄደ፤ ሁለት ሰው ያዙት። «ሐኪም ይጠየቅ!» ብሎ ጮኸ። «የተቀበረ ሕፃን ምን ተብሎ ይጠየቃል?» አሉት። ደብሪቱን አያት፤ ደብሪቱ መሬት መሬት ታያለች። ቄስ ወልደ ሰንበት እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው በቀስታ «ልጄ፣ ለፍቅር ብለው የተናገሩት ሐሰትም ንስሐ አለው፤ ነገ ናልኝ» አሉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚያ ቤት ያደረው እውነት ግን ቀኑም ነግቶለት አልጠራም።

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። አባቷ እንዲህ የሚሆንላት ልጅ ትዳሯ ሊፈርስ አይገባም፤ ጥፋቷን ታምና ይቅርታ ትጠይቅ፤ ወይዘሮ ወለተ ኪዳንም ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉ አሉ። ትሕትና ተነሥታ ደጅ ወጣች። ስትመለስ በማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። የዕቃ ቤቱን በር ለማስደገፍ እንዳላማው ያኖረው ድንጋይ ነበር። በአማቷ እግር ሥር ተንበርክካ «ልጄን በጥፋቴ ገድያለሁ፤ ስለ ማርያም ይቅር በሉኝ» አለች። እንዳላማው ድንጋዩን ሊነጥቃት ጎንበስ ሲል ሰዎቹ መለሱት። ወይዘሮዋ አለቀሱ። ድንጋዩን ራሳቸው አንሥተው መሬት ላይ አኖሩና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። አምደሚካኤልም መጥቶ ሚስቱን አቀፋት፤ ከወለደች ወዲህ ሲያቅፋት የመጀመሪያው ነበር። ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበር። ግን ደብሪቱ ደስታዋ ገንፍሎ «እንግዲህ አልጋዋንም ይዛ ትሂድ» አለች። «ለእሷ ብሎ የሠራላት አልጋ ነው። እግዜር ሌላ ልጅ ሲሰጣት ትተኛበታለች።» ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ገብተው አዩት። መስቀሉን ተሳለሙና መረቁ። ሁለት ጎልማሶች አልጋውን ከዕቃ ቤቱ አውጥተው ጓሮው ላይ አኖሩት፤ ከታጠበው ዋንዛ ላይ የክረምት ብርሃን ሲያርፍበት የሚያምር ነገር ነበር። እንዳላማው ማድ ቤት ገባ። መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ የመታው ራስጌውን ነው። ዋንዛ ጠንካራ ነው፤ መጥረቢያው ነጥሮ ሊመለስበት ምንም አልቀረውም። ደጋግሞ መታ። ያን ሁሉ ሳምንት በጣቱ ያለሰለሰውን እግር ፈለጠ፤ ጣውላውን ሰበረ፤ እያለቀሰ ነበር የሚመታው። ማንም አልቀረበውም። «ሐዘን ነው፣ ተዉት፣ ይውጣለት» ይባባላሉ። ደብሪቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር። ትሕትና ግን አልሸፈነችም። ከበሩ መቃን ተደግፋ፣ አባቷን ሳይሆን መጥረቢያው የሚያርፍበትን ቦታ ስታይ ቆየች።

በማግሥቱ ጧት ሊሄዱ ሲሉ አይሱዙው ከበሩ ቆሞ ዕቃ ሲጫን፣ ትሕትና አባቷን ወደ ጓሮ ጠራችው። የተፈለጠው እንጨት እንዳለ ነው። ተሸፍና፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ቆመች።

«አባዬ፣ ትናንት ስትናገር አላመንኩህም ነበር» አለችው። «እንደ እነሱ ልታድነኝ ብለህ የዋሸህ መስሎኝ ነው ድንጋዩን የተሸከምኩት። አልጋውን ስትሰብረው ግን አመንኩህ። ለሚዋሽ ሰው አልጋው ቢጫን ምን ይጎዳዋል?»

እንዳላማው በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ያለውም፣ የፈራም ጊዜ የለም። «እንግዲያ እንናገር!» አለ። «ሁለት ነን፤ ሁለት ከሆንን ይሰሙናል። አንቺ ነፃ ነሽ ልጄ፤ ድንጋዩን እኔ ልሸከመው።»

«ለማን ልናገር? እነሱ ይቅር ብለውኛል። አምደሚካኤል አቅፎኛል። አባቴ ነው የገደለው ብዬ ብነግረው አብሮኝ ያድራል?» አለችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ ይቅር ልልህ ሞከርኩ። ነቀዙን የገደልከው ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ለልጄ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልመጣልኝም።»

«ይመጣል። ጊዜ...»

«ሽታ አለ ስል ሰምተኸኛል። በር ላይ ነበርክ።»

ሰምቷታል። ከውስጥ ደብሪቱ ትሕትና ትሕትና እያለች ትጣራለች፤ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ።

«እናቴ ትምጣ፤ በፈለገች ጊዜ ትምጣ» አለችው። «አንተ ግን አትምጣ። ሌላም ልጅ ብወልድ አትምጣ። ከባሌ ጋር እንዳልጣላ ደግሞ ምክንያቱን ለማንም አልናገርም፤ አንተም አትናገር። ትናንት ያላመኑህ ነገ ያምኑህ ይሆናል።»

«እሺ ልጄ» አለ እንዳላማው።

ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው፤ ሰው እያየ ስለነበር ነው። ከዚያ ሄዳ በባሏና በአማቷ መሐል ተቀመጠች። ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ወጥቶ ይሰናበታል፤ ትዳር ታረቀ እያለ ያመሰግናል። ደብሪቱ እያለቀሰች እየሳቀችም እጇን ታወዛውዛለች። መኪናው ወደ ሮብ ገበያ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ እንዳላማውም ከጎኗ ቆሞ እጁን አወዛወዘ። ደብሪቱ ዓይኗን ጠርጋ «ለመስቀል ሄደን እናያቸዋለን» ስትለው፣ «አንቺ ሂጂ» አላት።